የሌለውን ወተት የሸጠው ሰውዬ

አንድ ሰውዬ ነበር። መርካቶ ውስጥ የሕፃናት እቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ሰው ግን ተለወጠበት። ይገባል፣ ጡጦውን ያገላብጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ቤቱ ሄዶ በስልክ ከሌላ ያዛል። ሰውዬው ተበሳጨ፣ ተበሳጨና ምን አደረገ? ሱቁን ዘግቶ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተ።

እዚህ ጉባኤ ውስጥ አሁን ሳቃችሁ የመጣ ነጋዴዎች አላችሁ። አውቃችኋለሁ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ።

የቻናል ንግድ እንዴት ነው? መጀመሪያ ፎቶ፣ እቃው በኋላ። ሌላ ነጋዴ ያነሳውን የእቃ ፎቶ ወስደህ ትለጥፋለህ። «አለ?» ይሉሃል። «አለ» ትላለህ። ከዚያ ሮጠህ ትፈልጋለህ። መጋዘንህ የሰው ሱቅ ነው። ሰውዬው በዚህ ቤቱን ሲያስተዳድር ኖረ፤ አንድም ቀን አልተነቃበትም።

አንድ ቀን ጠዋት ሚልክያስ የሚባል አባት ደወለለት። ጨቅላ ልጅ አለችው። እናትየው ታማ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ጡት የለም። የልጅቷ ሆድ ደግሞ ሐኪም ካዘዘላት የዱቄት ወተት ሌላ አይቀበልም። እሱም አልቋል።

«ወንድሜ፣ ይሄ የለጠፍከው ወተት አለ?»

«አለ።»

«እጅህ ላይ?»

«እጄ ላይ ነው። ሞተረኛ እልክልሃለሁ፣ አንተ ብቻ ከቤት እንዳትወጣ።»

እጁ ላይ ምን ነበር? ስልኩ።

መርካቶን ዞረ። የለም። አውቶቡስ ተራ ወረደ። የለም። ሚልክያስ ይደውላል።

«ወጣ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

ቆይቶ ደግሞ ይደውላል። «የት ደረሰ?»

«መንገዱ ተዘጋግቶበት ነው፣ ደርሷል በለው።»

ከስልኩ ውስጥ የልጅቷ ለቅሶ ይሰማል። ቆይቶ ሲደወል ግን ለቅሶው የለም። እናቶች፣ የራበው ሕፃን ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ላቡ እየወረደ ፒያሳ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴትዮ መድኃኒት ቤት ገባ። የወተቱን ስም ነገራቸው።

«አንድ ነበረኝ፣ ጠዋት ሸጥኩት» አሉት። «እሱንም ሚልክያስ ለሚባል ልጅ ነበር ያስቀመጥኩት። ስደውልለት ‹እትዬ፣ እኔ አግኝቻለሁ፣ ለቸገረው ሰው ይስጡት› አለኝ። የተባረከ ልጅ ነው።»

ሰውዬው ባንኮኒውን ያዘ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ አመመህ እንዴ?»

ገባችሁ? ወተቱ ነበረ። ተደውሎ «ና ውሰድ» ተብሎ ነበር። ከልጅቷ አፍ ላይ ማን ነጠቃት? «አለ» ያለው ሰውዬ።

ስልኩን አወጣ። ሞተረኛው ተጋጨ ይበል? አስቦታል፣ አፉ ላይ ደርሷል። ደወለ።

«የለኝም» አለ። «ጠዋትም አልነበረኝም።»

ሚልክያስ አልሰደበውም። ስልኩን ዘጋ። ልጅቷን ታቅፎ ሆስፒታል ሮጠ፣ ግሉኮስ ተሰካላት። ተርፋለች፣ አትጨነቁ። ሐኪሙ ግን «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» አለና አልጨረሰውም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አባትየውን ከቤት ያስወጣው ምንድነው? «የለኝም» የምትል ቃል። ነጋዴ የሚጠላት ቃል። እኛም የምንጠላት ቃል።

ማጣት ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር ከባዶ እጅ ጋር ጠብ የለውም። ግን አንተ «አለ» ስትል ሰውየው መፈለጉን ያቆማል። ይሄን አስባችሁት ታውቃላችሁ? ያመነህ ሰው ሌላ በር አያንኳኳም።

«እናታችንን እኔ አሳክማታለሁ» ብለህ ወንድሞችህን ያሳረፍክ፣ አሳከምካት? እነሱ እኮ አንተን አምነው ተቀምጠዋል። «ሥራ እኔ አስገባሻለሁ፣ ሌላ ጋ እንዳታመለክቺ» ያልካት ልጅስ? «ጠዋት ማታ እጸልይልሻለሁ» ብለሽ ስሟን እንኳን የረሳሻት ጓደኛሽስ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ቻናል አለ፣ ፎቶው የሚያምር፣ እቃ የሌለው?

በሉ ስልካችሁን አውጡ። የምሬን ነው። በስብከት መሀል ስልክ አስወጣ ብለው ሽማግሌዎቹ ይቆጡኝ፣ ለምጃቸዋለሁ። ማን ጋ እንደምትደውሉ ታውቃላችሁ፤ ገና ስናገር ፊቱ መጥቶባችኋል። ውጡና ደውሉለት። «የለኝም» በሉት። ይቆጣችሁ፣ ይቀየማችሁ። ብቻ ሳይመሽበት ተነስቶ ይፈልግ።