የድንግል መጋረጃ የወለተ ሐናን እጅ እንዳዳነ

በእመቤታችን ስም የተሰበሰባችሁ ሁሉ፥ ልባችሁን ወደዚህ መልሱና ስሙ። በበጌምድር አገር ይርዳው የሚባል ሸማኔ ነበረ፤ እርሱም አምላክን የወለደች ድንግል ማርያምን አጥብቆ የሚወድ፥ ውዳሴዋን ሳያደርስ መወርወሪያ የማይጨብጥ፥ በየማለዳውም ከሌላው ሥራ አስቀድሞ ለመቅደሷ የሚሆን መጋረጃ ሊሸምን የተሳለ ነበረ። ድሩ እንዳይበጠስ በተልባ ውኃ እያለዘበ ይሠራ ነበርና፥ መጋረጃው ከመቅጠኑ የተነሣ ዝንብ አርፋበት «አየር ላይ ቆምኩ እንዴ» ብላ ደንግጣ እንደ ተነሣች ያዩ ተናግረዋል።

ከዚያም ልጁ ወለተ ሐና ለበዓል ጧፍ ስታበጅ የፈላው ሰም ተገለበጠና ቀኝ እጇን ከክርን እስከ ጣት አቃጠላት፥ ከጩኸቷም የተነሣ የሦስት ደብር አህዮች ባሉበት ቆሙ። እናቷ አስካለ እጇን በቀዝቃዛ ውኃ አቆየችና በቡሉኮ ቅዳጅ ጠቀለለችው። ነገር ግን ጨርቁ ከቁስሉ ጋር እየተጣበቀ፥ በተፈታ ቁጥር ያገገመውን ቆዳ ይዞ ይነሣ ነበር፤ ጣቶቿም እርስ በርሳቸው ሊጣበቁ ጀመሩ። እንዲህ ከቀረች ዳግመኛ እንዝርት አታሾርም።

አስካለም ባሏን «አንተ ሰውዬ፥ አገር ታለብሳለህ፥ ለልጅህ እጅ የሚሆን ጨርቅ ግን የለህም» አለችው።

እርሱም ወደ ሽመና ጕድጓዱ ወረደና ግንባሩን በመጋረጃው ላይ ደፍቶ ሲያለቅስ በቀትር እንቅልፍ ወሰደው፤ ያን ጊዜም እመቤታችን ፊቷ እንደ ፀሓይ እያበራ ተገልጣ «ይርዳው፥ ጨርቅ ታቅፈህ ስለ ጨርቅ ታለቅሳለህ? ይህን ቅደድ፥ በተልባህ ላይ ማር ጨምረህ ንከረውና አልብሳት» አለችው።

«እመቤቴ፥ ይህ እኮ ያንቺ ነው» ቢላት፥ ፈገግ ብላ «ልጅቱስ የማን ናት?» አለችው።

ነቅቶም ምላጭ ሲያነሣ፥ ሥራውን ሊያዩ የመጡት መሪጌታ ክንፉ «የስእለት ዕቃ ይቀደዳል? አብደሃል እንዴ?» ብለው እጁን ያዙት።

«አባቴ፥ ያዘዘችኝ ባለቤቷ ናት፤ ቅር ካለዎት እርሷን ይጠይቁ» አላቸውና ቀደደው፥ በለዘበው ተልባና በተጣራው ማር ነክሮም እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ ጠቀለለ። በማግስቱ ሲፈቱት ጨርቁ ከእጅ እንደሚያመልጥ ዓሣ ሙልጭ ብሎ ወጣ፥ ቆዳም አልተከተለውም። እንዲሁም እየነከሩ እየለወጡ ቆዩና አዲስ ቆዳ ለበሰች፥ ጣቶቿም አንድ በአንድ ተዘረጉ። መሪጌታ ክንፉም አይተው ዝም አሉ፤ እርሳቸው ዝም ሲሉ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነውና፥ ይህም ራሱን የቻለ ተአምር ነው።

ከዚያም ወለተ ሐና በዳነች እጇ ፈትላ፥ አባቷም ሸምኖ የተቀደደውን ሞሉትና በበዓሏ ቀን በእልልታና በምስጋና አስገቡት። አዲሱም ከቀድሞው ይልቅ ቀጠነ፤ ያችም ዝንብ ተመልሳ መጥታ ነበር አሉ፥ የምታርፍበትን ግን አጥታ ሄደች።

የራሷን መጋረጃ አስቀድዳ የተቃጠለችውን ያለበሰች ድንግል፥ እኛን የነገርነውንም እናንተን የሰማችሁትንም በምልጃዋ ትሸፍነን፥ ቁስላችንንም ሳትልጥ ትፈውሰን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።