ቋጠሮውን የፈታ ተረታ

«ተረት ተረት።»

«የመሰረት።»

በድሮ ጊዜ፣ አንድ ማለዳ፣ ሸማኔው ቢምረው በሩን የዘጋውን ድንጋይ በትከሻው ይገፋ ነበር። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። በጎኑ የቀረችው ክፍተት ድመት እንኳ አታሳልፍም። ሚስቱ የሻረግ ልጃቸውን ስንዱን ይዛ ከኋላው ቆማለች።

«ተው ቢምረው፣ ትከሻህን አትስበረው» አለችው። «በጉልበት የመጣ አይደለም፣ በጉልበት አይሄድም።»

እውነቷን ነው። ድንጋዩ የዕዳ ድንጋይ ነው።

ከገደሉ ሥር፣ ዋሻ ውስጥ፣ አያ ጭራቅ ይኖር ነበር። ለጠየቀው ሁሉ ያበድራል። ሲያበድር ትንሽ ጥቁር ድንጋይ በተበዳሪው ደጃፍ ያስቀምጣል። ዕዳው ካልተከፈለ ድንጋዩ ያድጋል። ጨረቃ ባለቀች ቁጥር ያድጋል። ጭራቁ ይህን «ወለድ» ይለዋል። «የኔ ነገር ይወልዳል» ይላል።

ቢምረው መጀመሪያ የተበደረው ጥጥ ነበር። ድንጋዩ ጡጫ አከለ። የሻረግ ፈተለች፣ እሱ ሸመነ። ጋቢውን ሸጦ የጥጡን ዋጋ መለሰ። ድንጋዩ አመድ ሆነና ነፋስ ወሰደው። ለቤቱም ትርፍ ተረፈ።

ሁለተኛ የተበደረው በሬ ነበር። እህቱን ሲድር «ሰው ምን ይለኛል» አለ። በሬው ታረደ። ሰዉ በላ፣ መረቀ፣ ሄደ። የተበላ በሬ አያርስም፣ አይሸጥም። ድንጋዩ ግን ቀረ፤ ሙቀጫ አከለ።

ሦስተኛ የተበደረው እህል ነበር። የበሬውን ወለድ ሊከፍልበት ነው። ከጭራቁ በቀኝ እጁ ተቀበለ፤ በግራ እጁ ለዚያው ለጭራቁ መለሰ።

አያ ጭራቅ ሳቀ። «አቤት ከፋይ» አለው። ሌላ ድንጋይ ከፊተኛው ላይ አኖረ። ሁለቱ ተጣበቁ። «በርህን የዘጋ ቀን፣ ከውስጥ ነፍስ ያለውን እወስዳለሁ።»

ቢምረው «እሺ» አለ። ያን ጊዜ ድንጋዩ ከጉልበቱ በታች ነበር።

እነሆ በሩ ተዘጋ። አያ ጭራቅም መጣ። ድንጋዩን በአንድ ጣቱ ገፋው፤ ለሱ ተገፋለት። ገብቶ የስንዱን ክንድ ያዘ።

«የኔም ወልዷል፣ አንተም ወልደሃል» አለ። «ወለድ በወለድ።»

ስንዱ አላለቀሰችም። የአባቷን ጋቢ ጨብጣ አለቅም አለች። የሻረግም ከጭራቁ ፊት ቆመች።

«በሕግ አምላክ» አለች።

ጭራቁ ቀጥ አለ። በሕግ አምላክ ተብሎ ያልቆመ ጭራቅ ጥርሱ ይረግፋል።

ያን ጊዜ ሰውም አውሬም በአንድ ዳኛ ይዳኝ ነበር። ዳኛው ዝንጀሮው አባ ጭላዳ ነው። ጎፈሩን እንደ ካባ ደርቦ ከገደሉ አፋፍ ተቀምጧል። ወደ እሱ ወጡ፤ የሁለቱንም ቃል ሰማ።

«ውሉን ታምናለህ?» አለ።

«አምናለሁ ጌታዬ» አለ ቢምረው። «ሠርቼ ልክፈል። ጊዜ ይሰጠኝ።»

«ይጠፋል» አለ አያ ጭራቅ።

አባ ጭላዳ ደረቱን አከከ። «እንግዲያው ተቆራኙ» አለ። «ልብሳችሁ ጫፍ ለጫፍ ይታሰር። ተበዳሪ ወደ ሥራው ይሂድ፤ አበዳሪ ይከተለው። ዕዳው ሳይከፈል ቋጠሮውን የፈታ ተረታ። ተበዳሪ ከፈታ ልጅቱ ትሄዳለች። አበዳሪ ከፈታ ወለዱ ይቀራል፤ ያበደረውን ብቻ ያገኛል። ይህ ሕግ ለተበዳሪ ሁሉ ነው።»

«እኔ ምን ቸገረኝ» አለ አያ ጭራቅ። ቋጠሮውን ራሱ አጠበቀው።

መጀመሪያ ቢምረው ወደ ሽመናው ሄደ። ከመሸመኛው ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ እግሩን ከተተ። ጭራቁም ከጎኑ ተጣጥፎ ተቀመጠ። ጧት ተቀመጡ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ተነሡ። መወርወሪያው ወዲያ ሲሄድ ወዲህ ሲመጣ የጭራቁ ዓይን ዞረ። ወገቡ ተንቋቋ።

«አንተ ሰው፣ አታርፍም?»

«ዕዳ አለብኝ» አለ ቢምረው።

ሁለተኛ፣ ጾም ገባ። በቢምረው ቤት ሥጋ የለም። «አያ ጭራቅ፣ ቆሎ ዝገን እንጂ» ትለዋለች የሻረግ። ቆሎው ጥርሱ መሃል ይሰነቀራል። ጭራቁ ከሳ። ግን አልፈታም። ስንዱን እያየ ምራቁን ይውጣል።

ቢምረው ሸመነ፣ ሸጠ። የበሬውንና የእህሉን ዋጋ ሞላ። ወለዱ ግን ከመወርወሪያው ይፈጥናል። ሌላ ጨረቃ ልታልቅ ነው። ቢምረው ይህን አየ፤ እንቅልፍም አጣ።

ሦስተኛ፣ ገበያ ወጡ። ገበያተኛው ጭራቁን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ድንጋይ የሌለበት ደጅ የለማ። ቢምረው ከሸክላ ሠሪዋ ከእማማ ደብሬ ፊት ቆመ። የዳኛው ቃል በልቡ መጣ።

«እማማ፣ የእርስዎ ድንጋይ እንዴት ነው?»

«ደጄን ሊውጠው ነው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አይቆራኙም? ሕጉ ለኔ ብቻ አልወጣም።»

እማማ ደብሬ ጭራቁን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከስቷል። ወገቡ ጎብጧል። የነጠላቸውን ጫፍ አወጡና ከልብሱ ጋር አሰሩት።

«ና ተከተለኝ» አሉት። «ጭቃ ልረግጥ ነው።»

ገበሬው መጣና አሰረ። እንጨት ቆራጩ መጣና አሰረ። ከዚያ ገበያው ሁሉ መጣ።

«ድር ቢያብር ጭራቅም ያስር» አለ አንድ ጨው ነጋዴ። ሰዉ ሳቀ። በዚያ አገር በጭራቁ ፊት ተስቆ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ። እማማ ደብሬ ወደ ጭቃቸው፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ እንጨት ቆራጩ ወደ ጫካው። አያ ጭራቅ መሃል ላይ ተወጠረ። ልብሱ ተንጣጣ። አንገቱ ታነቀ።

«ቀስ በሉ» አለ። «አንድ ባንድ።»

«ዕዳ አለብን» አሉት።

ቢምረው የጭራቁን ጣቶች ያያል። ጣቶቹ ወደ ቋጠሮው ሄዱ፣ ተመለሱ። እንደገና ሄዱ። ጭራቁ በጥፍሩ ፈታ። መጀመሪያ የቢምረውን ፈታ፣ ቀጥሎ የእማማን፣ ቀጥሎ የሁሉንም። ማንንም ሳያይ ወደ ዋሻው ገባ።

በዚያች ሰዓት በየደጁ ድንጋዩ ተፈረፈረ። ወለዱ ትቢያ ሆነ። የተበደሩት ብቻ፣ ጡጫ የምታክል ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

ቢምረው የበሬውንና የእህሉን ዋጋ ተሸክሞ ሄደ። ከዋሻው አፍ አኖረው። የሰው ገንዘብ ነውና አላስቀረም። ሌሎቹም በየአቅማቸው ከፈሉ። ከዚያ ቢምረው አመሰግናለሁ ሊል ወደ ዳኛው ወጣ።

ተረቴን አበድሬያችኋለሁ። ለሌላ ልጅ የነገራችሁት ቀን መለሳችሁልኝ፤ ወለድ የለውም። ትምህርቱም አባ ጭላዳ ቢምረውን ሲያሰናብት የነገረው ነው፦

«ልጄ፣ የምትሠራበትን ተበደር፤ የምትበላውን አትበደር። ዕዳን በዕዳ አትክፈል። ሲጨንቅህ ደግሞ ብቻህን አትግፋ፤ ጎረቤትህን ጠይቅ፣ እሱም ጨንቆት ይሆናል። በል እንግዲህ ግባ። ልጅህ ራቷን ሳትበላ ትጠብቅሃለች።»