ዝንጀሮና የይቅርታው ድንጋይ

ተራራው ሁሉ ገና ኮረብታ ሳለ፣ ስሟ በጠፋብኝ አገር፣ አንድ ባለርስት ዝንጀሮ ነበር። ዝንጀሮ ስላችሁ ሩቅ አትመልከቱ፤ የኛን ቤት ሰዎች ፊት ልብ ብላችሁ ካያችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህ ዝንጀሮ ግብዣ በደገሰ ቁጥር ደረቱን እየደለቀ፣ "እኔ የነዚያ ልጅ! ይህን ድንጋያም ምድር ለም እርሻ ያደረጉ!" ብሎ ይፎክራል። አንድ ቀን ታዲያ አሮጊቷ አክስቱ ጠላዋን ጨለጥ አድርጋ፣ "ውሸትህን ነው፤ አያትህ አንዲት ጠጠር አላነሳም። ድንጋዩን ለቅማ የጨረሰችው የዚችው ውሃ ቀጂህ የአህይት አያት ናት። ከእናቷ ጉያ ነጥቀን፣ በገመድ ጎትተን አምጥተን ባሪያ አደረግናት። እዚያው እርሻው ላይ ሞተች" አለችው።

ዝንጀሮ አፈረ። የእውነት አፈረ። አህይት ዛሬም በእፍኝ ገለባ ዋጋ ውሃ ትቀዳለታለች፤ ቤቷም ከእርሻው በታች ቋጥኝ ላይ ነው። "በሰው መላጣ ስስቅ፣ የራሴ ከኋላዬ ኖሯል ለካ!" አለ። ከዚያም እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቃት ቆረጠ።

ከእርሻው ዳር ከተከመረው ድንጋይ ትንሿን አነሳ። "ይቺስ ለባለርስት አትመጥንም" ብሎ ጣላት። ትልቁን ቢሞክር ወገቡ ቋ አለ። ቢቸግረው ተጣራ።

"አህይት ሆይ!"

"አቤት ጌታዬ!"

"ይህን ድንጋይ ተሸከሚልኝ።"

"ወዴት?"

"ይቅርታ ልጠይቅበት ነው።"

"ማንን?"

"አንቺን።"

አህይት ጆሮዋን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አደረገች። ለምዶባት ተሸከመች። እሱም ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ "ቀስ በይ፣ ይቅርታዬን እንዳትጥይው!" ይላል። ቁልቁለቱ ላይ ተንገዳገደች። "ቀስ በይ እንጂ፣ ይቅርታዬን እንዳትጥይው!"

ደጇ ሲደርሱ ዝንጀሮ በግንባሩ ተደፋ። "ማሪኝ! አያቶቼ በድለዋል፤ አክስቴ ሁሉንም ነገረችኝ። ካሳ ይሁንሽ፣ በዛጎል ያጌጠ ኮርቻ አሠራልሻለሁ!"

"ማን ሊቀመጥበት?"

ዝንጀሮ ራሱን አከከ። "እንግዲያው በግብዣዬ ላይ አያትሽን አወድሳለሁ።"

"የግብዣውን ውሃ ማን ሊቀዳ?"

ዝንጀሮ ቀና ቢል፣ ድንጋዩ አሁንም እሷ ጀርባ ላይ ነው። "ወይ እኔ! ወይ የኔ ነገር!" ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አህይት ጀርባዋን ነቅነቅ አድርጋ ድንጋዩን ጣለችው። "ይህን ድንጋይ አያቴ አንድ ጊዜ ተሸክማዋለች፤ እኔ ዛሬ ደገምኩት። ሦስተኛው ያንተ ነው። መልሰህ ውሰደውና ምንጩ አጠገብ፣ ከእርሻው መሀል ትከለው። ከድንጋዩ ወዲህ የኔ፣ ወዲያ ያንተ። ውሃህንም ከእንግዲህ ራስህ ቅዳ።"

"ግማሹን?"

"ግማሹን። ሙሉውን ያላልኩህ አክስትህ እውነት ስለተናገረች ነው።"

ዝንጀሮ ጎንበስ አለ። ወገቡ ቋ እያለም ድንጋዩን በጫንቃው አድርጎ ዳገቱን ተያያዘው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሲወጣ፣ አህይት ባዶ ጀርባዋን እያወዛወዘች ከኋላው ተከተለችው።

"ቀስ በል፣ ይቅርታህን እንዳትጥለው!"

ድንጋዩ ዛሬም እዚያው እርሻው መሀል ቆሟል ይላሉ። የኛን ቤት ሰዎች ወገባቸውን የሚያማቸውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። እናም ልጆቼ፦

በተበዳይ ጀርባ የመጣ ካሳ፣ በደል ቀሰቀሰ እንጂ አላስረሳ።