ከአጥሩ ጥግ የተጠጣው ጭማቂ

አንዲት ሴት ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሐዋሳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ፌቨን የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ አለቻት። ፌቨን የስኳር ሕመም አለባት፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች።

ልጅቱ አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ስኳሯ ወርዶ ወድቃ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ እናትየው ልጇ ደረጃ በሩጫ ስትወጣ ካየች "ቀስ በይ" ነው። ገመድ ዝላይ ክልክል፣ ሱዚ ክልክል። የሰፈሩ ልጆች ሲጫወቱ ፌቨን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ነጥብ ትይዝላቸዋለች።

በክረምቱ ዕረፍት እንደ እሷ የስኳር ሕመም ላለባቸው ልጆች የአምስት ቀን የስፖርት ካምፕ ተዘጋጀ። ጠዋት ይገባሉ፣ ከሰዓት ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ሐኪሙ "ትሂድ" ሲል እናትየው እምቢ ማለት አቃታት።

ካምፑ ደንብ አለው። ከሩጫ በፊት ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ጣታቸውን ወግተው ይለካሉ፣ ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ይናገራሉ። የወረደበት ከረሜላ በልቶ ይጠብቃል። ከሦስት መቶ በላይ የሆነበት ደግሞ ውኃ እየጠጣ ይቀመጣል እንጂ አይሮጥም።

በመጀመሪያው ቀን ፌቨን ሦስት መቶ ሃያ ሆነች። ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን ሦስት መቶ አርባ። ተቀመጠች። በሦስተኛውም ቀን ያው።

ለምን ይመስላችኋል? እናትየው ናት። በየጠዋቱ ከመግባታቸው በፊት አጥሩ ጥግ ታቆማትና ከቦርሳዋ የማንጎ ጭማቂ ታወጣለች።

"ጠጪ የኔ እናት፤ ስትሮጪ እንዳይወርድብሽ።"

"እማዬ፣ ካስፈለገን ሲስተር ለክታ ትሰጠናለች እኮ።"

"ሲስተር አልወለደችሽም።"

ፌቨን ተቀብላ ጠጣች።

በአራተኛው ቀን ነርሷ፣ ሲስተር እቴነሽ፣ ሌሎቹ ወላጆች ባሉበት እናትየውን ጠራቻት። "የፌቨን እናት፣ ቁጥሯ አልወርድ አለን። ሐኪሙ ከነገ ጀምሮ የጠዋቱን ኢንሱሊን ከፍ እናድርገው እያለ ነው። እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?"

ፌቨን እናቷን አየቻት። ትንፍሽ አላለችም። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቷን ገመና ሸፈነች።

ወገኖቼ፣ ነገሩን አስተውሉት። መድኃኒቱ የሚጨመረው በጭማቂው ልክ ነው። አንድ ቀን ጭማቂው ቢቀር ልጅቱ ትወድቃለች፤ ያውም እናትየው ስትፈራው የኖረችውን አወዳደቅ። እናትየው ዝም ብትል ክብሯ ይተርፋል። ብትናገር ወላጁ ሁሉ እየሰማ ነው።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑ?"

"ጭማቂ አጠጣታለሁ። በየቀኑ። እዚያ አጥሩ ጋ።"

ሲስተር እቴነሽ አልተቆጣችም። "ነገ አያጠጧት" ብቻ አለች።

"ብትወድቅስ?"

"ምልክቱ ሲጀምራት ትቀመጣለች። ልጅዎ ራሷን ታውቃለች፤ እርስዎ ፋታ አልሰጧትም እንጂ።"

በአምስተኛው ቀን ፌቨን መቶ ስድሳ ሆነች። ሮጠች። ሦስተኛው ዙር ላይ ቆም አለች። እናትየው ልታያት ሜዳው ዳር ከተቀመጠችበት ብድግ፤ ሲስተር ክንዷን ያዘቻት። "ይጠብቁ።"

ፌቨን ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ከረሜላ ከኪሷ አውጥታ በላች። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቀች፣ ተለካች፣ ተነሣች። ሌሎቹ ጨርሰው ምሳ ይዘዋል። እሷ የቀራትን ዙር ብቻዋን ሮጠች። እናትየው አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው፣ አፍራም ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ይህች ሴት ልጇን አትወድም ነበር? ትወዳለች። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ብትጠላት ኖሮ ጎረቤት ይገሥጻት ነበር። ፍርሃት የፍቅርን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ግን ማን ይገሥጸዋል?

እናንተስ? ሥራ ጅማ የወጣላትን ልጅ "ማን ያይልኛል" ብላችሁ ያስቀራችሁ የላችሁም? እኛ አገልጋዮችስ? ሃያ ዓመት ማይክ ያልለቀቅን አለን፤ እኔም አለሁበት። "ወጣቶቹ ገና አልበሰሉም" እንላለን። ሳይነኩት በምን ይብሰሉ?

የሙሴ እናት የደንገል ሣጥን ሠራች፣ ዝፍት ለቀለቀችው። የእጇን ሁሉ አደረገች። ከዚያ ወንዙ ዳር አኖረችውና እጇን አነሣች። እኅቱ ትጠብቀው ነበር፤ መጽሐፉ ግን በሩቅ ቆማ ይላል። በሩቅ።

እጃችሁን አንሡ ስል ጣሏቸው ማለቴ አይደለም። እጅን ከማንሣቱ በፊት ደግሞ አንድ የሚከብድ ቃል አለ፤ "እኔ ነኝ" ማለት። ዛሬ ከእናንተ በአንዳችሁ ቤት፣ ለእናንተ ክብር ብሎ ዝም ያለ ልጅ አለ። ያ ልጅ አይከሳችሁም። እስኪናገር አትጠብቁት፤ እናንተ ቅደሙት።