ከሹክሹክታ የሚጀምር መለኪያ

አንድ የራዲዮና የቴፕ ጠጋኝ ነበር። ስሙ መርዕድ ይባላል። ሱቁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ በልብስ ሰፊና በጫማ ሰፊ መካከል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። መርዕድ ከጥገናው ሌላ አንድ የሚወደው ሥራ ነበረው። ከተጣሉ ራዲዮኖች ዕቃ እየነቀለ፣ በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እየበየደ፣ ለጊታር ተጫዋቾች ፔዳል ይሠራል። ፔዳል ማለት ጊታሪስቱ መሬት ላይ አስቀምጦ በእግሩ የሚረግጣት ሳጥን ናት፤ ስትረገጥ የጊታሩን ድምፅ ታወፍረዋለች ወይም ታስተጋባዋለች።

የመርዕድን ፔዳል ከሌላው የሚለዩት በላይዋ ላይ የሚደረድራቸው ስምንት ጥቃቅን መብራቶች ነበሩ። አምስቱ አረንጓዴ፣ ሁለቱ ቢጫ፣ የመጨረሻዋ ቀይ። ጊታሩ ቀስ ተብሎ ሲመታ አንዷ ትበራለች፤ ምቱ ሲጠነክር ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቀጥላሉ፤ ቀይዋ ከበራች «በዛ፣ ቀንስ» ማለት ነው። ከበሮውና ኪቦርዱ በሚጮሁበት መድረክ ላይ ሰው የራሱን ድምፅ በቅጡ አይሰማም። ስለዚህ ጊታሪስቶቹ ዝቅ ብለው መብራቱን ያያሉ። መርዕድ እያንዳንዱን የመብራት መለኪያ ደጋግሞ ሳይፈትሽ ከእጁ አያወጣም። በከተማው ሙዚቀኞች ዘንድ «የመርዕድ መብራት አይዋሽም» ይባል ነበር።

ከእነዚህ ሙዚቀኞች አንዱ ጋሽ ዘርጋው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር ተጫውቷል። መርዕድ የመጀመሪያዋን ፔዳል በሠራ ጊዜ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት እየጮኸች ማንም አልፈልግም ሲላት፣ ጋሽ ዘርጋው ተቀብሎ ሰው በተሰበሰበበት መድረክ ላይ በእግሩ ሥር አኖራት። «የሰፈራችን ልጅ ነው የሠራት» ብሎም ተናገረላት። ከዚያ ወዲህ መርዕድ እንደ አባቱ ያየዋል።

አንድ ማለዳ ጋሽ ዘርጋው የጫማውን ክር ሲያስር ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ንግግሩ ቶሎ ተመለሰለት፤ እግሩም በከዘራ መራመድ ጀመረ። ክር የሚመታበት ቀኝ እጁ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሐኪሟ «የምትወደውን ሥራ በየቀኑ በዚህ እጅ ሞክር፤ ቀስ እያለ ይመለሳል» አለችው።

እሱም ወደ መርዕድ ላከ። «ቤት ውስጥ የምለማመድባት አንድ ፔዳል ሥራልኝ። መብራቶቹ እንዳይቀሩ። እጄ ሲመለስ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

መርዕድ የዚያኑ ሳምንት ሠርቶ ላከለት።

ሃያ ቀን አለፈ። በሃያ አንደኛው ቀን የጋሽ ዘርጋው ባለቤት እልፍነሽ ዘንቢል ይዛ ወደ ሱቁ መጣች። ዘንቢሉን የመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ፔዳሏን አወጣች።

«እትዬ እልፍነሽ፣ ምነው? ጋሼ ደህና አይደለም እንዴ?» አለ መርዕድ።

«ጊታሩን በጋቢ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ አሰቀለኝ» አለች። «ሃያ ቀን ሙሉ ሞከረ። አንዲትም መብራት በርታለት አታውቅም። ትናንት ‹እጄ ሞቷል፤ የመርዕድ መብራት መሰከረ› ብሎኝ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አጉርሼው እንኳ እምቢ አለኝ።»

መርዕድ ፔዳሏን አንሥቶ ገለበጣት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እንዲበራ አድርግልኝ። ነካ ሲያደርገው ብልጭ ይበልለት። ለታመመ ሰው እንዲህ ያለውን መዋሸት እግዜርም አይቆጣበትም።»

ነገሩ ቀላል ነበር። በሳጥኗ ውስጥ የምስማር ራስ የምታክል ብሎን አለች፤ እሷን ማዞር ብቻ ነው። መርዕድ ብሎኗን ለብዙ ዓመት ያዞረው መለኪያው እውነት እንዲናገር ነበር። አሁን ግን ፊቱ የቆመችውን ሴት አየ። ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳለች፤ ይህንንም አላወቀችም። መፍቻውን አንሥቶ ብሎኗን አዞረ።

ፔዳሏን ራሱ ይዞ ከእልፍነሽ ጋር ሄደ። ጋሽ ዘርጋውን ለምነው ለምነው አስነሡት። ጊታሩን ከጋቢው አውጥተው ጭኑ ላይ አኖሩለት። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ወደ ክሩ አመጣና በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው። ስድስት መብራት በአንድ ጊዜ ቦግ አለ።

የጋሽ ዘርጋው ፊት አብሮ በራ። «እልፌ! አየሽ?» አለ። እልፍነሽ እንባዋ እንዳይታይ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እንደገና ሊመታ እጁን ሲያነሣ የሹራቡ እጅጌ ክሩን ታከከው። ስድስት መብራት በራ። ጋሽ ዘርጋው ቆም አለ። ከዚያ የጊታሩን ሆድ በጥፍሩ ኳ አደረገው። አሁንም ስድስት።

«እጅጌዬም ጎበዝ ጊታሪስት ሆኗል ማለት ነው» አለ።

ማንም አልሳቀም።

«መርዕድ፣ ጠያቂ ሁሉ እዚህ ወንበር ላይ እየተቀመጠ ‹ድነሃል እኮ፣ ምንም አልቀረህም› ይለኛል። እኔም አሜን እላለሁ። በሩ ሲዘጋ ግን እጄን አየዋለሁ። የማይዋሸኝ አንድ ነገር ነበረኝ። እሱንም ወሰዳችሁብኝ።»

«እሱን አትቆጣው፤ የለመንኩት እኔ ነኝ» አለች እልፍነሽ።

«ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ» አለ መርዕድ። ፊቱ በእፍረት ቀልቷል። ተነሥቶ መሄድ ፈለገ፤ ግን አልሄደም። እንዲህ አድርጎ ጥሎት ቢሄድ ተመልሶ እዚህ ቤት መግባት እንደማይችል ተሰማው። ከቦርሳው የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ባለ መርፌውን ቴስተር አወጣና ከጊታሩ ጋር አገናኘው።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። አንድ ጊዜ ምታልኝ። መብራቶቹን አትያቸው።»

«ምን ሊረባህ?»

«እባክህ።»

ጋሽ ዘርጋው መታ። መርፌዋ የፀጉር ያህል ተነቃነቀች። ደግሞ መታ፤ ሁለት ፀጉር ያህል ሄደች። ሦስተኛው ደከመ። አራተኛው ከሁሉም በለጠ። መርዕድ ፊቱን ወደ መርፌዋ አስጠግቶ ትንፋሹን ያዘ። ብሎኗ ከመዞሯ በፊት መለኪያዋ እንደነዚህ ያሉትን ምቶች በሙሉ አንድ ስም ሰጥታቸው ነበር፤ «የለም» የሚል።

«ጋሼ፣ እጅህ አልሞተም» አለ ቀስ ብሎ። «ማየት ያቃተው የኔ መለኪያ ነው። የሠራሁት ለጤነኛ እጅ ነው። የመጀመሪያዋ መብራት የምትበራው ጤነኛ ሰው ከሚጀምርበት ላይ ነው። ከዚያ በታች ያለውን መለኪያው አይቶ አያውቅም። እኔም አይቼው አላውቅም።»

«ይኼም ልቤን ለማሞቅ ነው?»

«መርፌዋን ራስህ እያት።»

ጋሽ ዘርጋው አንገቱን አሰገገ። መታ፤ አየ። ደግሞ መታ፤ አየ። ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ሲያደርግ ቆየ። ከዚያ «ደካማ ናት» አለ። «ግን አለች።»

መርዕድ ሱቁን ሦስት ቀን ዘግቶ ሌላ ፔዳል ሠራ። መብራቶቹ እንደ ወትሮው ስምንት ናቸው። የሚጀምሩት ግን ከሹክሹክታ ነው። ሲያስረክበው ምንም አልደበቀም።

«እወቀው ጋሼ፣ ይቺ ጎበዝ ነህ አትልህም። ስምንቱም ቢበሩ የድሮዋ ፔዳል የመጀመሪያ መብራት ላይ ደረስክ ማለት ብቻ ነው። የትናንቱን ምት ከዛሬው ግን ትለይልሃለች።»

ጋሽ ዘርጋው አንድ ጊዜ ተታሏልና አስቀድሞ የጊታሩን እንጨት ኳ አደረገ። ምንም አልበራም። እጅጌውን ክሩ ላይ ጎተተ። አንደኛዋ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። በመጨረሻ እጁን ደግፎ በአውራ ጣቱ መታ። አንደኛዋ በራች፤ ሁለተኛዋም ተከተለቻት።

«እሰይ!» አለ። «ከእጅጌዬ በአንድ እበልጣለሁ።» ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። እልፍነሽም ሳቀች፤ ሲስቁ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም። ሦስተኛዋ መብራት ክረምት ከመግባቱ በፊት በራች። ሐምሌ ላይ ብርዱ ሲጠና ወደ አንድ ተመለሰች፤ ሙሉ ሳምንት እዚያው ቆየች። እልፍነሽ በጭንቀት አየችው። እሱ ግን «ዛሬ እንዲህ ናት፤ ነገ እናያለን» ብሎ ጊታሩን ቦታው ላይ አስቀመጠ፤ ቁም ሳጥን ላይ አላሰቀለውም። ክፉውን ቀን የምትነግረው መብራት ደጉንም ቀን እንደማትደብቀው ያውቅ ነበርና። መስከረም ላይ አምስት ደረሰ። በጥር መጨረሻ ስምንቱም በሩ።

ጋሽ ዘርጋው ወደ ሆቴሉ መድረክ አልተመለሰም። የሚጠብቀው ፈጣን ጨዋታ ነበር፤ እጁ ያን ያህል አልሆነለትም። ይህንንም እሱ ራሱ ለባንዱ ሰዎች ሄዶ ነገራቸው፤ ስለሆነው ነገር አፍሮ አልተሸሸገም። ነገር ግን በአንድ እሑድ ቀትር፣ እልፍነሽ ጓዳ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ ከሳሎኑ የባቲ ቅኝት ሰማች። ዝግ ያለ ነው፤ እዚህም እዚያም ድምፅ ይጎድለዋል። በበሽታው ጊዜ ጊታሩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ፊቷን አስተካክላ፣ ፈገግታ ለብሳ ወደ እሱ ትሮጥ ነበር። አሁን አልተነሣችም። ሰፌዱን ጭኗ ላይ እንዳደረገች አዳመጠች። ከዚያ ከተቀመጠችበት ጮክ ብላ፦

«ዘርጋው! መሀል ላይ ሳትካት፤ ድገማት!» አለችው።

እሱም እየሳቀ ደገማት።

ወዳጄ ሆይ፣ የምንወደውን ሰው በውሸት ማጽናናት ቀላል ነው፤ አንዲት ብሎን ማዞር ነው። ሰውን በጤነኛ ሚዛን መዝኖ «የለህም» ማለትም ቀላል ነው፤ ሚዛኑ የተሠራው እንደዚያ ነውና። ፍቅርና ትዕግሥት የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ዝቅ ብሎ ትንሿን ነገር እስክትታይ ድረስ መፈለግ፣ ከተገኘችም በኋላ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ መናገር። የወደቀ ሰው ከእኛ የሚፈልገው የተጋነነ ምስጋና አይደለም። ዛሬ ከትናንት በፀጉር ያህል እንደሚበልጥ አይቶ የሚመሰክርለት አንድ እውነተኛ ሰው ይበቃዋል።

በእናንተስ ቤት ከሕመም፣ ከሐዘን ወይም ከሱስ ለመነሣት የሚውተረተር ሰው አለ? እንግዲያስ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ለእሱ የመጀመሪያዋን መብራት የተከላችሁት እሱ ካለበት ላይ ነው ወይስ እናንተ ካላችሁበት?