ከንቲባው፣ ዘበኛውና ቼዝ ተጫዋቹ ኮምፒውተር

ሳልስቅ ከጨረስኩላችሁ እሰየው ነው! ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ ነበር። የከተማው ከንቲባ አቶ ድልነሳሁ ደግሞ ቼዝ ነፍሳቸው ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የረታቸው ሰው የለም። ማን ደፍሮ ይረታል? የመሬት ኃላፊው ንግሥቱን እንደ ጉርሻ ያቀርብላቸዋል፤ ጸሐፊዋም ልታሸንፍ ስትል "ውይ!" ብላ የገዛ ንጉሧን በክርኗ ትጥላለች።

አንድ ቀን ታዲያ ቼዝ የሚጫወት ኮምፒውተር መጣና ሠራተኛው ሁሉ እያየ በአሥር ደቂቃ ድባቅ መታቸው። "እንደገና!" አሉ፤ እንደገና መታቸው። ሠራተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ዘበኛውን ግን ሳቁ አመለጠው።

"አንተ! ና ወዲህ!" አሉ ከንቲባው እንደ በርበሬ ቀልተው። "ከእኔና ከዚህ ቆርቆሮ ማን ይበልጣል? እሱ ካልክ ደፍረኸኛልና ትባረራለህ። እኔ ካልክ ደግሞ ሰው ሁሉ እያየ ዋሽተሃልና ያው ትባረራለህ!"

ዘበኛው ስድስት ልጆቹ ትዝ አሉት። ቆቡን አውልቆ ኮምፒውተሩን ዞሮ ዞሮ አየው።

"ክቡር ከንቲባ፣ ይሄ የመበላለጥ ነገር አይደለም" አለ። "እኛ ከእርስዎ ጋር ስንጫወት የምናየው የእርስዎን ፊት ነው። ይሄ ምስኪን የሚያየው ሰሌዳውን ብቻ! ከንቲባ መሆንዎን ማን ነገረው?"

ከንቲባው አሰቡት፤ እውነትም ማንም አልነገረውም። ዘበኛው ወደ በሩ ሲመለስ እሳቸው ከረባታቸውን አስተካክለው፣ "ከንቲባ ድልነሳሁ እባላለሁ" እያሉ ለኮምፒውተሩ እጃቸውን ይዘረጉ ነበር።