ቡሊትና የሚያፈሰው ዋሻ

አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ሳይጋመስ ዝናቡ ጠንክሮ በያዘበት ዓመት፣ ቡሊት የምትባል አንዲት አህያ ቤት ፍለጋ ወጣች። እስከዚያ ድረስ የምትጠለልበትን ዋርካ መብረቅ መትቶ ጥሎባት ነበር። ዝናብና አህያ ደግሞ አይስማሙም፤ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ የገባባት አህያ ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን ስትነቀንቅ ነው የምትውለው።

በዚያ አገር የቤት ደላላው ቀበሮ ነበር። ማን ትርፍ ዋሻ እንዳለው፣ ማን ጉድጓዱን እንደለቀቀ፣ ማን ከማን ጋር ተጣልቶ ሊወጣ እንደሆነ አንድም አያመልጠውም። ቡሊትን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ አያትና፣

«ለአንቺ ቁመት የሚሆን አንድ ቤት ብቻ አለ» አላት። «ሰፊ ነው፤ ደረቅ ነው፤ በሩም ወደ ፀሐይ መውጫ ይዞራል።»

«ባለቤቱ ማነው?»

ቀበሮ ጢሙን ጠረገ። «አያ ጅቦ።»

ቡሊት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

«ቆይ፣ አትደንግጪ! የንጉሥ አንበሳን አዋጅ አልሰማሽም እንዴ? ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ማንም አከራይ ተከራዩን አይበላም። ቤቱን ይዘሽ እስካለሽ ድረስ አያ ጅቦ ፊትሽ ቢያዛጋ እንኳ ይቀጣል። ቤቱን ለቅቀሽ የወጣሽ ቀን ግን...» ቀበሮ ቃሉን በመጨረስ ፈንታ ጥርሱን አጋጨ።

ቡሊት ሰማዩን አየች። ሰማዩ ጠቁሯል። ተስማማች። ኪራዩም በሳምንት አንድ ጭነት አጥንት ከገበያ ዳር እየለቀመች ለአያ ጅቦ ማምጣት ሆነ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደህና አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። በሦስተኛው ጠብታው ወደ ጅረት ተለወጠ። ቡሊት ያነጠፈችው ድርቆሽ ሻግቶ እንጉዳይ በቀለበት። አንዲት እንቁራሪት ማንንም ሳታስፈቅድ ገብታ መሐል ቤት ላይ ተቀመጠች። ለተከራይዋ የተረፈቻት በጥጉ ያለች አንዲት ደረቅ ድንጋይ ነበረች፤ እሷም ሦስት እግር ብቻ ስለምትይዝ ቡሊት አራተኛውን በየተራ እያነሳች ቆማ ታድር ጀመር። ከዚህ ሁሉ የከፋው የሰኮናዋ ነገር ነበር። በርጥበት ብዛት እንደ ሊጥ ለሰለሰ። ሰኮናው የለሰለሰ አህያ ሮጦ አያመልጥም፤ ይህን ቡሊት ታውቃለች፤ አያ ጅቦም ያውቃል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከዋሻው በላይ ወዳለው ጉብታ እያነከሰች ወጣች። ምክንያቱን እዚያ አገኘችው። አያ ጅቦ አጥንት ሊቀብርበት የቆፈረው ጉድጓድ በዝናብ ሞልቶ ኩሬ ሆኗል። ኩሬው ደግሞ በድንጋዩ ስንጥቅ አድርጎ በቀጥታ ወደ መኝታዋ ይወርዳል።

ወደ አከራይዋ ደጃፍ ሄደች። አያ ጅቦ የሚኖረው እዚያው አጠገብ፣ ጣሪያው እንኳን ውሃ ጤዛ በማያስገባ ዋሻ ውስጥ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ እንደምን አረፈዱ? ቤቱ ያፈሳል።»

«ነገ አየዋለሁ» አለ አያ ጅቦ ከውስጥ፣ አጥንት እየቆረጠመ።

በማግስቱ ተመልሳ መጣች። «አያ ጅቦ፣ ነገ ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ነገ ሆነ።»

«ይሄ የትናንቱ ነገ ነው። እኔ ያልኩሽ ሌላውን ነገ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ስትጠራው ማንኮራፋት ጀመረ።

«አያ ጅቦ!»

«ተኝቻለሁ» አለ።

«ተኝተው እንዴት ይመልሱልኛል?»

«በህልሜ ነው» አለና ማንኮራፋቱን ቀጠለ።

በአራተኛው ቀን ግን ወጣ። በሩ ላይ ተዘርፍጦ ተቀመጠና፣ «እኔ ምን አጎደልኩብሽ?» አለ። «ሌላው ውሃ ለመጠጣት ወንዝ ድረስ ይወርዳል፤ አንቺ በተኛሽበት ራስሽ ላይ ይወርድልሻል። ካልተመቸሽ ማን ያዘሽ? ውጪ!»

«ውጪ» ሲል ምራቁን ዋጠ። ዓይኑ ደግሞ ፊቷ ላይ ሳይሆን ሰኮናዋ ላይ ነበር።

ያኔ ቡሊት ገባት። አያ ጅቦ ስንፍና ብቻ አይደለም የያዘው፤ እየጠበቃት ነው። ውሃው ያስወጣታል፣ ለስላሳው ሰኮናዋ ያስይዛታል፣ ከዚያ በኋላ አዋጁ አያድናትም። ዋሻዋ ገብታ፣ ሦስት እግሯን ድንጋዩ ላይ ተክላ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እንባዋ የት እንደወደቀ እንኳ አልታወቀም፤ ሁሉም ነገር ውሃ ነበር።

አልቅሳ ሲወጣላት ቀጥ ብላ ወደ ቀበሮ ሄደች።

«ደረቅ ነው ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«ያየሁት ቀን ደረቅ ነበር።»

«ያየኸው መቼ ነው?»

«በጥር» አለ ቀበሮ፣ ትንሽ አፍሮ።

«መልካም። እኔም ነገ ገበያው መንገድ ላይ ቆሜ ‹በቀበሮ በኩል ቤት የተከራየ እንደ እንቁራሪት ይኖራል› እያልኩ አናፋለሁ። ድምፄን መቼም ታውቀዋለህ።»

ቀበሮ ድምፅዋን ያውቀዋል። ሦስት ኮረብታ ይሻገራል። የድለላ ሥራው ዓይኑ እያየ ሲከስር ታየው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ስትነግሪው ምን አለሽ? አንድ ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

ነገረችው። ቀበሮ እየሰማ መጀመሪያ ጆሮው ቆመ፣ ቀጥሎ ጭራው መወዛወዝ ጀመረ፣ በመጨረሻ በሙሉ ጥርሱ ሳቀ። «ስህተቱ ያንቺ ነው!» አላት።

«የእኔ?»

«ያንቺ ነዋ! ችግርሽን ሄደሽ ነገርሽው። ችግርሽ እኮ ለእሱ ዘፈን ነው። ተቸገርኩ ባልሽ ቁጥር ሆዱ ያጨበጭባል። ከነገ ጀምሮ ደስ ይበልሽ።»

«በምኑ?»

«በጠብታው!» አለ ቀበሮ። ቀጥሎም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ብዙ ነገር አንሾካሾከላት። ቡሊት መጀመሪያ ዓይኗን አፈጠጠች፤ ከዚያ የላይኛው ከንፈሯ ወደ ላይ ተገለበጠ። አህያ ስትስቅ እንደዚያ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ይወርዳል። አያ ጅቦ ቁርሱን ሊቆረጥም አፉን ሲከፍት ከጎረቤት ዘፈን ሰማ።

«ጠብ በልልኝ ውሃ፣ ጠብ በል በአናቴ፣
አንተ እያለህልኝ አልወጣም ከቤቴ!»

አጥንቱ ከአፉ ወደቀ። ልክ በዚያች ሰዓት ቀበሮ፣ በዚያ የሚያልፍ መስሎ፣ ብቅ አለ።

«ይቺ ሴትዮ ምን ነክቷት ነው የምትዘፍነው?» አለ አያ ጅቦ።

«አልሰማህም እንዴ? አገሩ ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው!» አለ ቀበሮ። «ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ተስማምቷታል። እሱን ስትጠጣ ትውላለች፣ እሱን ስትታጠብ ታድራለች። ክረምቱ ሲወጣም አልለቅም ብላለች። ጠብታው እስካለ ድረስ ንጉሡን አስፈቅዳ ዕድሜዋን ሙሉ ልትከራይህ ነው።»

«ዕድሜዋን ሙሉ?» አያ ጅቦ ተነስቶ ቆመ። «ታዲያ እኔ መቼ ነው የም...»

«እሱማ ቀረብህ። የንጉሡን አዋጅ ታውቃለህ።» ቀበሮ ተነፈሰ። «ውሃው ቢቆምባት አንድ ቀን አታድርም ነበር። ‹ደረቅ ቤት ውስጥ ከምኖር ሜዳ ላይ ብሞት ይሻለኛል› ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ግን ምን ታደርገዋለህ፣ ውሃ ነው፤ ይወርዳል።»

አያ ጅቦ ማሰብ ጀመረ። ለአያ ጅቦ ማሰብ ከባድ ሥራ ነው፤ ምላሱን ያወጣል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጀርባውን ያካል። ብዙ ካከከ በኋላ ድንገት ዘለለ።

«እደፍነዋለሁ! ይሄን ውሃ እደፍነዋለሁ!»

«ኧረ አያ ጅቦ፣ በዚህ ዝናብ? ነገ ይሁን።»

«ነገ የሚባል ነገር የለም!» ብሎ ጮኸና ወደ ጉብታው ሮጠ።

እንዲህ ያለ ሥራ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። አያ ጅቦ በአፉ ድንጋይ ይሸከማል፣ በፊት እግሩ ጭቃ ያቦካል፣ በቂጡ እየተቀመጠ ይደመድማል። ኩሬውን የሚያስተነፍስ ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ወደ ገደሉ ለቀቀው። ቀበሮ ሰፊ ቅጠል ጥላ አድርጎ እንደ ግንበኛ አለቃ ቆሞ ያዛል። ቡሊት ደግሞ ከታች ሆና የለቅሶ ድርሻዋን ትወጣለች።

«ወይኔ ውሃዬ! ወይኔ ሲሳዬ! በቀኝ በኩልማ ቆመብኝ! ግን ተመስገን፣ በበሩ በኩል ገና ይንጠባጠባል!»

«በበሩ በኩል!» ይላል ቀበሮ፤ አያ ጅቦ ወደዚያ ይሮጣል።

«እሱንም ወሰዱብኝ! ግድ የለም፣ ከራስጌዬ በላይ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ አለችልኝ! እሷን ብቻ እንዳያገኙብኝ!»

«ከራስጌዋ በላይ!» አያ ጅቦ ከራስጌዋ በላይ ያለችውን ስንጥቅ በጭቃ ሞልቶ፣ ጠጠር ጨምሮ፣ ሦስት ጊዜ ተቀመጠባት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በረታ። ዋሻው ውስጥ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። እንቁራሪቷ ግራ ቀኝ አየችና ቅር ብሏት ወጣች። ቡሊት የሻገተውን ድርቆሽ ጠርጋ አወጣች፣ ቀበሮ ከየት እንዳገኘው ባይታወቅም ደረቅ ሣር አመጣላት፣ እሷም ከስንት ሳምንት በኋላ አራቱንም እግሯን አጣጥፋ ተኛች። ቆሞ ያላደረ የዚያን እንቅልፍ ጣዕም አያውቀውም።

አያ ጅቦ ግን ደጃፏ ላይ ተቀመጠ። አፉን ከፍቶ ጠበቀ። አንድ ቀን ጠበቀ። ሁለት ቀን ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ቡሊት አንገቷን በበሩ አወጣች።

«አያ ጅቦ፣ ምነው በዝናብ? ይግቡና ይጠለሉ እንጂ።»

«አትወጪም እንዴ?» አለ፣ ጭቃው ከጆሮው እየተንጠባጠበ።

«ለምን እወጣለሁ?»

«ውሃው ቆሟላ!»

«አዎ፣ ቆመ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደ እርስዎ ያለ አከራይ አላየሁም» አለችና አንገቷን መልሳ አስገባች።

አያ ጅቦ በንዴት በቀጥታ ወደ ንጉሥ አንበሳ ሮጠ። ንጉሡ ከእንስሳቱ ጋር ችሎት ላይ ነበር። ቀበሮም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሊያይ ተከትሎ ገባ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ተበደልኩ!» አለ አያ ጅቦ። «ተከራዬ አልወጣም አለችኝ።»

«ክረምቱ መች ወጣና?» አለ አንበሳ። «ደግሞ ይሄ ጭቃ ምንድን ነው?»

«ቤቷ ያፈስ ነበር፤ ደፈንኩት።»

አንበሳ ከመቀመጫው ቀና አለ። «አንተ? በዚህ ዝናብ? በገዛ እጅህ?»

«አዎን፣ በአፌም ጭምር። ደፍኜ ካስወጣኋት በኋላ ልበ...»

ቀበሮን ሳል ያዘው።

«ልበ ምን?» አለ አንበሳ፣ ዓይኑን አጥብቦ።

አያ ጅቦ የንጉሡን ጥርስ አየ። ላቡ ከጭቃው ጋር ተቀላቀለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጥኖ አሰበ። «ልበ... ልበ... ልበ ቅን ስለሆንኩ ነው!»

አንዲት ጥንቸል ከኋላ ተነሳች። «ንጉሥ ሆይ፣ እኔም የአያ ጅቦ ተከራይ ነኝ። የእኔም ጉድጓድ ያፈሳል። አራት ጊዜ ለምኜው በህልሙ ነው የመለሰልኝ።»

«የእኔም ያፈሳል» አለ ጃርት ከጎኗ። «እሾኬ ሁሉ ሻገተ።»

አንበሳ ጢሙ ሥር ሳቀ። «እንግዲህ ልበ ቅን ከሆንክ» አለው አያ ጅቦን፣ «ለአንዷ ያደረግኸውን ለሁለቱ አትከለክልም። ዛሬውኑ ጀምር። ቀበሮ፣ አንተ ደግሞ እንደማያፈስ በዝናብ ገብተህ ሳታይ አንድ ቤት ብታከራይ ጭራህን እኔ ጋ ታስቀምጣለህ።» የቀበሮ ሳል ቆመ።

አያ ጅቦ ነሐሴን ሁሉ ጭቃ ሲያቦካ ከረመ። ዝናቡ ያቆመና አዋጁ ያበቃ ዕለት ጠዋት የጃርት ጣሪያ ላይ የመጨረሻዋን ስንጥቅ እየደመደመ ነበር። የፊት እግሮቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው። ከታች የሰኮና ድምፅ ሰማ፤ ጠንካራ፣ ደረቅ ድምፅ።

«አያ ጅቦ፣ ቤትዎን ለቅቄአለሁ!» አለች ቡሊት። «ጠርጌዋለሁ። በደህና ይሰንብቱ!»

አያ ጅቦ ዘለለ። ማለት፣ የኋላ እግሮቹ ዘለሉ። የፊቶቹ አጥብቆ በደመደመው ጭቃ ተይዘው ቀሩና በአፍንጫው ተደፋ። እግሮቹን ነቅሎ፣ ጭቃውን ከዓይኑ ጠርጎ ቀና ሲል ቡሊት ወንዙን ተሻግራ፣ ማዶ ካሉ አህዮች ጋር ተቀላቅላ ነበር፤ የትኛዋ እሷ እንደሆነች እንኳ መለየት አልቻለም።

ከዚህ የምንማረው፣ በደላችንን እያየ ዝም ለሚለን ጉልበተኛ ችግራችንን ደጋግመን ከመንገር ይልቅ ልቡ የሚቋምጥለትን ነገር ማወቅ ቤታችንን ቶሎ እንደሚያደርቅልን ነው።